የወገብ ልክ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ አስፋልቱ ባለቀበት፣
ጤፍ የነበረው መሬት ብሎክ በበቀለበት፣
ውኃ ማክሰኞ ሌሊት ብቻ ነው የሚመጣው፤
እሱም ምድር ቤት ድረስ፤ ወደ ላይ ማን ያውጣው?
ፓምፑ ከተቃጠለ ሁለት ፋሲካ አልፏል፤
ኮሚቴው እስካሁን ሰባት ደብዳቤ ጽፏል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ችግር ስሰማ እጄን ይበላኛል፤
ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ግማሹ የተፈታ ይመስለኛል።
ባለ ሦስት ሦስት ጎማ ጋሪ ሠራሁ፣ ደረጃ የሚወጣ፤
ሰማያዊ ቀባሁት። «በረከት» አልኩት። ሰው ሊያየው መጣ።
ተጨበጨበ። አቶ ጉደታ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መረቁ፤
ልጆች ጋሪው ላይ ወጥተው እየተገፉ ሳቁ።

ለደብሪቱ ሰጠኋት፤ ውኃ ለሰው አመላልሳ ለምታድር፣
አራተኛ ፎቅ ድረስ፣ ባንዱ ጀሪካን አሥራ አምስት ብር።
«እሰይ፣ እጅህ ይባረክ» አለችኝ፤ እጇን አላየሁም።
ተኝቼ አደርኩ። ከዚያ ወዲያ ሳምንት አልጠየቅሁም።

ስመለስ ጋሪዬ ደጃፏ ላይ ቆሟል፤
ሽንኩርት ተሰጥቶበታል፤ ድመት ሥሩ ተጋድሟል።
ከፋኝ። «ለምን?» አልኳት። «ከበደሽ? ወይስ ጎማው ላላ?»
«ኧረ ምንም አልሆነ፤ ጥሩ ነው» አለች። ሳቀች። ሌላ
ቃል አልወጣትም።
ይሉኝታ አፍ ላይ ሲቀመጥ እንደ ቁልፍ ነው፤
ከውጭ የሚከፍተው የለም፤ ገብቶ ማደር ነው።

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ጀሪካን ተውሼ ተሰለፍኩ፤
ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሞላሁ። ተሸከምኩ። አንደኛውን ፎቅ አለፍኩ።
ጨለማ ነው። የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው መንገድ የሚያሳይ፤
ባዶ የያዘ ይጠጋል፣ የሞላ ያልፋል ወደ ላይ።

መውጣቱስ ይወጣል። እግር ይለምዳል፤ ትከሻም ይሸከማል፤
ሁለተኛው ላይ ግን ትንፋሽ ያጥራል፣ ጣት ይደክማል፤
ታስቀምጠዋለህ መሬት። ያኔ ነው ጉዱ የሚመጣ፤
ጎንበስ፣ ጨበጥ፣ ቀና፤ ወገብህ ከቦታው እስኪወጣ።

ከፊቴ ደብሪቱን አየሁ፤ ጀሪካኗን መሬት አላወረደችም፤
ኮንትራክተር ጀምሮ በተወው ግንብ አሳረፈችው፤ አላጎነበሰችም።
ገመዷን አላልታ ተነፈሰች፤ ከዚያ መልሳ አዘለችው፤
የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚታዘል፣ ቀስ ብላ ሳበችው።
እንዲህ ያለ ግንብ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ብቻ ነበር፤
እሱም በስሕተት የቀረ፣ «ይፍረስ» የተባለ፣ በጠመኔ፣ ከዳር።

አራተኛው ላይ ወደቅሁ። ላቤን እያየች ጠበቀችኝ፤
አጠገቤ ቁጭ አለች። ያኔ ነው የነገረችኝ፦
«ጋሪህ ይጮኻል ልጄ፤ ጎማው ደረጃውን ሲመታው፣
የሦስተኛ ፎቋ አራስ ልጇ ይነቃል በማታው።
ደግሞ በጋሪ ቀላል ከሆነ፣ ሁሉም ለራሱ ይገፋዋል፤
የኔን አሥራ አምስት ብርስ፣ ጎማው ይከፍለዋል?»

ዝም አልኩ። በደብተሬ ክብደት ነበር፣ ቁመት፣ የጎማ ዙሪያ፤
አራሷ አልነበረችም፤ አሥራ አምስት ብሩ አልነበረም፤ የትንፋሽ ማረፊያ
አልነበረም።

ስወርድ ጠመኔውን በእጅጌዬ ጠርጌ «ይፍረስ»ን አጠፋሁት፤
ያንን የተረሳ ግንብ ቁመቱን በስንዝር ለካሁት።
በማግስቱ «ቁሚልኝ» አልኳት፤ በራሷ ገመድ፣ ከወገቧ እስከ መሬት፣ ለካሁ፤
ጋሪውን ፈታሁ፤ በጎማው ፈንታ ሳንቃ ተካሁ።
በየፎቁ አንድ አንድ ማሳረፊያ፤ ጠባብ፣ ሦስት ስንዝር የማይሞላ፤
ስም የለውም። ቀለም የለውም። ፎቶም የለም በኋላ።
አቶ ጉደታ አይተው «ይኼ ነው? ያ ጋሪህስ?» አሉ፤
ልጆች ግን ወዲያው ወደዱት፤ እንደ ዝንጀሮ ተንጠላጠሉ።

ፓምፑ ዛሬም አልተሠራም። ኮሚቴው ስምንተኛ ደብዳቤ ይጽፋል፤
ማክሰኞ ሌሊት ቧንቧው ያስላል፤ ሰፈሩ ይሰለፋል።
ትናንት ደብሪቱ ደረጃ ላይ አገኘችኝ፤ ሰላም ሳትል ቆመች፤
«የሦስተኛው ፎቅ በሁለት ጣት ዝቅ ብሏል፤ ና አስተካክለው» አለች።
ከያኔው ምርቃት ይልቅ ይቺ ቁጣ ጣፈጠችኝ፤
መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ፤ ለመለኪያ፣ ገመዷን ፈትታ ሰጠችኝ።